ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ፦ የሰንበቴ ቤታችን ቁልፍ ስለ ተቀየረበት ጉዳይ

የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ለሚገኘው ደብራችን
ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የሰንበቴ ቤታችን እንዲመለስልንና ስለ አገልግሎት የምእመናን ጉባኤ እንዲጠራ ስለ መጠየቅ

የተከበሩ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፤

ትናንት ምኩራብ ነበር። ቅዱስ ያሬድ ለዐቢይ ጾም ሰንበታት ስም ሲሰጥ ሦስተኛውን ምኩራብ ያለው፣ ጌታ በቤተ መቅደስ በሬና በግ፣ ርግብም የሚሸጡትን፣ ገንዘብ ለዋጮችንም በጅራፍ ያስወጣበት ወንጌል ስለሚነበብበት ነው። በደብራችንም ተነበበ፤ ተሰበከም፤ ስብከቱም ደኅና ነበር። ስብከቱ ባበቃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ወደፊት የሚሠሩት ሱቆች የኪራይ ጨረታ ሰነድ ከጽሕፈት ቤቱ እንደሚሸጥ ተነገረ። ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ወጣቶች ነበሩ አሉ። እኛ የሰንበቴ ማኅበርተኞች አላየናቸውም። በዚያ ሰዓት ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዘን ቆመን ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ማዕድ የምንካፈልበት የሰንበቴ ቤታችን ተዘግቶብናልና።

ደብዳቤውን በግልጽ የምንጽፈው ቸኩለን አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በእጅ አስገብተናል። የመጀመሪያውን ስንከታተል አስተዳዳሪው የሉም ተባልን። ሁለተኛው መዝገብ ቤት እንደ ገባ አልወጣም። ሦስተኛውን የተቀበለን ጸሐፊ ማኅተም የለውም ብሎ መለሰልን። ሰንበቴ ማኅተም እንደሌለው እናንተም ታውቃላችሁ፤ ያለን አንድ ጽዋና አንድ መዝገብ ነው። የደብሩን ስም ያልጻፍነው ደግሞ እናትን በስሟ እየጠሩ በአደባባይ መክሰስ ስለከበደን ነው። የሚመለከተው ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 26 ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰን። የሰንበቴ ቤቱ ለሁለገብ ሕንፃ ግንባታ ስለሚፈለግ በ15 ቀን ውስጥ ንብረታችንን አውጥተን እንድናስረክብ የሚያዝ ነው። ምትክ ቦታ አይጠቅስም፤ የነዳያኑ ምግብ የት እንደሚዞር አይጠቅስም። የካቲት 11 ቀን ጠዋት ስንሄድ ቁልፉ ተቀይሯል። ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት የውኃ በርሜል፣ የጠላ ጋኖቹና የዳቦ ምጣዱ አሁንም ውስጥ ናቸው። ማኅበርተኛ ሁሉ የሚሳለመው ጽዋ በዚያ ሳምንት በተረኛው ቤት ስለነበረ ብቻ ተረፈ።

ቤቱ ምን እንደሆነ አዲሶቹ ምእመናን ላያውቁ ይችላሉ፤ አይፈረድባቸውም። አብዛኛው ሰው ወደዚህ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲደርሰው ነው። ከእኛ መካከል ያሉት ሽማግሌዎች ቦታው ጤፍና ሽምብራ ሲዘራበት ያውቁታል። በክረምት መረሬው ጫማ ያስቀር ስለነበር ለቅዳሴ የሚመጣ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እግሩን ከቅጽሩ በር አጠገብ ታጥቦ ነበር የሚገባው። የቤቱን እንጨት እያንዳንዱ ገበሬ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ አመጣ፤ ጭቃውን ወንዱም ሴቱም ረገጠው፤ ቆርቆሮው ከሁለት ዓመት መዋጮ በኋላ ተገዛ። አሁን አርጅቷል። አንዱ ግድግዳው ዘምሟል፤ ክረምት ላይ ሁለት ቦታ ያፈስሳል። ይፍረስና በተሻለ ይሠራ ብትሉን ቀድመን ዶማ የምናነሣው እኛ ነበርን።

በዚያ ቤት በየሰንበቱ የሚሆነው ይህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦውን፣ ንፍሮውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ መጀመሪያ የሚነሣው የነዳያን ድርሻ ነው። ማኅበርተኛ ከነዳያን ቀድሞ አይቀምስም። ከዚያ ሁሉም እንደ አመጣጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ከቦሌ አራብሳ የሚመጣ መሐንዲስ ከቀን ሠራተኛ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ሲበላ አይተናል፤ መሐንዲስ መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፣ ያውም የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲበላሽ። በዚህ ከተማ ሰው የሚመዘንበት ቦታ ሞልቷል። በሠርጉ ይመዘናል፤ በመኪናው ይመዘናል፤ ልጁን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በእጁ በያዘው ስልክ ይመዘናል። ሳይመዘን የሚገባበት በር ያ አንድ ነበር።

አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ከእናንተ አብዛኞቻችሁ አልሰማችሁትም። ባለፈው ኅዳር ወር በአካባቢያችን የቀን ሥራ የሚሠራ ወጣት ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። እድር የለው፤ በከተማው ዘመድ የለው። ያሠራው ሰው በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የመዘገበው “ረጅሙ” ብሎ ነበር። አስከሬኑ መጥቶ ጸሎተ ፍትሐት ሊደርስለት ሲል ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። አብረውት የሚሠሩት ተያዩ፤ አንዱም አያውቅም። ስሙን የነገረችው ከእኛ መካከል ዳቦ የምታድለው እናት ናት። ከሁለት ወር በፊት በሰንበቴ ቤቱ፣ ቁራሽ እየሰጠችው፣ “ልጄ፣ ስመ ክርስትናህ ማነው?” ብላው ነበር፤ የእርሷ ልማድ ነው፣ የማታውቀውን ሰው ስም ሳትጠይቅ አታጎርስም። ወጣቱ በፍትሐቱ ላይ በስሙ የተጠራው በእርሷ ምክንያት ነው። መቃብሩን የማኅበሩ ወንዶች ቆፈሩ። ያ ቤት በካሬ ሜትር ምን ያህል ኪራይ እንደሚያስገኝ የልማት ኮሚቴው አስልቷል፤ ይህንን የት አምድ ላይ እንደ ጻፈው ግን አላየንም።

በመስከረሙ ስብሰባ አንድ የኮሚቴ አባል፣ ቦታውን እንዲህ ማስቀመጥ መክሊት መቅበር ነው ብለው ነበር። አነጋገሩ ጉባኤውን አስጨበጨበ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እዚያ ላይ አይቆምም እንጂ። መክሊቱን ከቀበረው ባሪያ ታሪክ ቀጥሎ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ስለ ተራበና ስለ ተጠማ፣ ስለ ታረዘና እንግዳ ስለ ሆነ የሚጠየቅበት ፍርድ አለ። ወንድማችን ገጹን ባይዘጉት ኖሮ ይደርሱበት ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ማይክሮፎኑ ነው።

በአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21፣ ስጦታ ያመጡ ሰዎች ስምና የገንዘብ መጠን ከዐውደ ምሕረት ለአንድ ሰዓት ያህል ተነበበ። አሥር ሺህ ብርና ከዚያ በላይ የሰጠ በስሙ ይጠራል፤ ይጨበጨብለታል፤ እልል ይባልለታል። ከዚያ በታች ያላችሁ ስማችሁ በወረቀት ይለጠፋል ተባለ። እስከ ዛሬ የተለጠፈ ወረቀት የለም። በዕለቱ አንዲት ጉልት የምትቸረችር እናት፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ሽያጯ ለወራት ያጠራቀመችበትን ጧፍና ዕጣን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ መጥታ ነበር። ስለት ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ ሦስት ጊዜ “እዚያ ጥግ አስቀምጪው” ተባለች። ስትመለስ እኔን ጸሐፊውን አገኘችኝና፣ “ጋሼ፣ የእኔ ዕጣን ሲያጥኑት አይሸትም ማለት ነው?” አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እስከ አሁን አጥቻለሁ።

ጌታ በሙዳየ ምጽዋት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ይመለከት እንደነበር ማርቆስ ጽፏል። ብዙ ባለጠጎች ብዙ ጣሉ ይላል፤ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። የድሀዋን መበለት ግን ቆጥሮ ጽፎታል፤ ሁለት ናስ። የእኛ ማይክሮፎን ተገልብጦ ይቆጥራል። ቀኝ እጅ የሠራውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የታዘዘውንም፣ ግራ እጅ ቀርቶ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር በሙሉ እንዲሰማው አድርገነዋል። ከሰጪዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሲያፍሩ አይተናል። አንድ ወንድም ስማቸው ሲጠራ ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ ሄደው ቆመዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ስለ ወንበሮቹ ብዙ አንልም። ከፊት የተደረደሩት ባለ ስፖንጅ ወንበሮች ስም ተለጥፎባቸው ባዶአቸውን ሲቆዩ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የደከመ አባት ስብከቱን ለመስማት አንዱ ላይ ቢቀመጡ በአስተናባሪ ተነሥተዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ጨረሱ። ባለ ወንበሩ እንግዳ በመጨረሻ አልመጡም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ወርቅ ቀለበትና ስለ እድፋም ልብስ የሚለውን ለእናንተ መጥቀስ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል።

ከሁሉ ይልቅ ሆዳችንን የበላው ያለፈው ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንዘገይ ታገሡን።

ቀድሞ የነበሩት የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሕጽበተ እግር፣ የእግር ማጠብ ሥርዓቱን፣ ሲያደርሱ ከአንድ አሮጌ የብረት ሳሕን ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። የወይራና የወይን ቅጠል በውኃው ላይ ይነከራል፤ እርሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ይንበረከካሉ። ከዚያ ሕዝቡ ይመጣል። ያኔ አካባቢው ገጠር ነውና የሚመጣው እግር እግር ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ እበት የደረቀበት፣ ጥፍሩን ድንጋይ የመታው። አንድ ጊዜ አንድ እረኛ ልጅ ተራው ሲደርስ እግሩን ደብቆ አልሰጥም አለ። አፍሮ ነው። እርሳቸው ቀና ብለው አዩትና “ልጄ፣ ጴጥሮስም እንዳንተው አልታጠብም ብሎ ነበር፤ መች ሆነለት” አሉት። ልጁ ሳቀ፤ እግሩንም ሰጠ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ከማኅበራችን አባላት አንዱ ነው፤ ይህንን ሲያወራ እግሩን ያያል። እርሳቸው በዚያ ቀን ሲነሡ ጉልበታቸውን ሁለት ዲያቆናት ደግፈው ያነሧቸው ነበር። ምሽት ላይ ጉልባኑን ከእኛ ጋር በሰንበቴ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ አሥራ ሁለት ወንበሮች ተደረደሩ። የሚታጠቡት ሰዎች ስም አስቀድሞ በዝርዝር ተይዟል፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ለሕንፃው ከፍተኛ ገንዘብ የሰጡ ናቸው። መስጠታቸውን አንነቅፍም። እግራቸውን ግን ቤታቸው ታጥበው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ አዲስ ካልሲ አድርገው ነው የመጡት። ንጹሕ እግር ምን ተደርጎ ይታጠባል? ካሜራ የያዘው ልጅ ደግሞ ብርሃኑ አልተመቸውም መሰለኝ፣ በቅዱስ ሥርዓት መካከል “አባታችን፣ ያንን የግራውን እግር አንድ ጊዜ ይድገሙልን” አለ። ተደገመለት። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ስለሆነ ውኃውን ከየጋራ መኖሪያ ቤቱ በጀሪካን ተሸክመው ያመጡት የእኛ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ነዳያኑ ከገመድ ኋላ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ከእንግዶቹ በኋላ ይደርሳችኋል ተባሉ። በኋላ ውኃውም አልቆ፣ ካሜራውም ተዘግቶ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ በላስቲክ ቦት ጫማው እንደ ቆመ ዋለ። የእርሱን እግር ያሰበ አልነበረም። እኛም አላሰብነውም፤ ይህን ስንጽፍ ነው ያሰብነው።

በደብሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይማሩ የነበሩትን የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች ነገር በአጭሩ እናልፋለን። አምስቱም ፈርሰው ቦታው ጠጠር ተነጥፎበት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆቹ ሦስቱ ወዴት እንደሄዱ አናውቅም፤ አንዱ ጎሮ አካባቢ ጫማ ሲጠርግ ታይቷል። ውዳሴ ማርያም ዜማ ጨርሶ የነበረ ልጅ ነው።

በእንግዳ ቀን ነዳያን ከበሩ ርቀው እንዲቆሙ ለጥበቃዎች የተሰጠው ትእዛዝም ይነሣ። ጥቅምት 14 ቀን ስንክሳሩ የሚያነሣው ገብረ ክርስቶስ፣ በገዛ አባቱ ደጅ ለማኝ ሆኖ ሲኖር አሽከሮቹ አላወቁትም ነበር። እኛስ ከበሩ የምናርቀው ማንን እንደሆነ በምን እናውቃለን?

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን እንናገር፤ የሌላውን ጉድፍ ብቻ ስናወጣ ብንውል አያምርብንምና። ፍቅረ ንዋይ በእናንተ በር ብቻ አልገባም። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ማኅበርተኛችን ተራው ሲደርስ በግ አረደ፤ በሳጥን ቢራ አመጣ። በላን፤ መረቅነው። የሚቀጥለው ተረኛ ሁለት በግ አረደ። ሦስተኛው ድንኳን አስተከለ። እኛም እንደ ሠርግ ቤት እያነጻጸርን እናወራ ጀመር። በዚያ መካከል አንዲት እናት ቀረች። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ዓመት። ታማ ይሆናል ብለን ልንጠይቃት ሄድን። አልታመመችም። ተራዋ እየደረሰ ነበርና፣ ዳቦና ንፍሮ ይዛ ለመምጣት አፍራ ነው የቀረችው። ማኅበሩ ሲመሠረት ከነበሩት አንዷ ናት! በዚያ ቀን ከቤቷ ስንወጣ ማንም ማንንም አላናገረም። በሚቀጥለው ሰንበት መዝገባችን ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ ለሰንበቴ የሚቀርበው ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ ነው፤ ከዚህ የጨመረ ይቀጣል። በግ ያረደውም ወንድም ፈርሟል፤ ዛሬም ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ቤቱን የሚጠርገው እርሱ ነው፤ ወይም ነበር። ስለዚህ ስለ መታየት ፈተና ስንጽፍላችሁ ከላይ ሆነን አይደለም።

መልሳችሁን እንገምታለን፤ ካህናቱ ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ መጠገን አለበት፤ የሲሚንቶውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። እናውቀዋለን። ከማኅበራችን ሦስቱ ግንበኞች ናቸው። ሕንፃ አይሠራ፣ ሱቅ አይከራይ የሚል ቃል ከእኛ አልወጣም። የምንለው፣ ገንዘብ የሌለው ሰው እግዚአብሔርን የሚያገለግልበት ቦታ በዕቅዱ ውስጥ አንድ ክፍል እንኳን አልተሳለለትም ነው። የሕንፃውን ሥዕል አይተነዋል። ባንክ አለ፤ የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ ካፌ አለ። ነዳያን የሚበሉበት የለም።

ቃሉም ተለውጦብናል። በደብራችን አሁን “አገልጋይ” የሚባለው ባጅ አንገቱ ላይ ያጠለቀ ነው። እንኳን ዳቦ ጋጋሪዎቹ፣ ሽንት ቤቱን የሚያጥቡት ሁለት እናቶች እንኳ በአገልጋዮች ቀን ዝርዝር ውስጥ አልተካተቱም። እነርሱ አልጠየቁም፤ አይጠይቁምም። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስታውሱልን። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በውስጧ የተነሣው ማጉረምረም ስለ ምን ነበር? ስለ ማዕድ ነበር፤ በየቀኑ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተዘነጉ ያሉ ነበሩ። ሐዋርያት ማኅተም አላችሁ ወይ ብለው አልጠየቋቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎችን መረጠ፤ ሐዋርያት እጃቸውን ጫኑባቸው። ዲቁና ከዚያ ማጉረምረም ነው የተወለደችው። ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስን ሲመት ስናከብር የምናከብረው መጀመሪያ ለማዕድ የተሾመ ሰውን ነው። በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲም፣ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዋቀረው ነገር በጥቂቶች ብቻ እንዳይወሰን ነው። የሰንበቴ ቤቱ ጉዳይ ለምእመናን ጉባኤ ቀርቦ አያውቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ግንባታው እስኪጀመር ድረስ ቤቱ ይከፈትልን፤ ቢያንስ ሰንበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሦስት ሰዓት። የታሰሩት ዕቃዎቻችን ይመለሱ፤ ዝርዝሩን አያይዘናል።

በአዲሱ ሕንፃ ምድር ላይ፣ በደረጃ የማይወጣበት አንድ ክፍልና አንድ ማድ ቤት ለነዳያን ማዕድ ይመደብ። ነዳያን ብዙዎቹ እግራቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ቦታ ተሰጣችሁ ብትሉን አንቀበልም።

የስጦታ ስምና መጠን በማይክሮፎን መጥራት ይቁም። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ስሙ ግን ለመጸለያ ለካህናቱ ይሰጥ፤ የክርስትና ስሙ፣ ያለ ቁጥር።

ስም የተለጠፈባቸው ወንበሮች ይነሡ፤ ወይም ላረጁና ለታመሙ ይሁኑ።

የሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ቀን ነው። የሚታጠቡት ሰዎች ዝርዝር አይያዝ። ከጥበቃዎቹ፣ ከሽንት ቤት አጣቢዎቹ፣ ከቀን ሠራተኞቹ ይጀመር። ካሜራው አንድ ቀን ይረፍ። ውኃውን እንደ ልማዳችን እናመጣለን።

የአብነት ተማሪዎቹ ተፈልገው ይመለሱ፤ ከመኪና ማቆሚያው ላይ የአራት መኪና ቦታ ይበቃቸዋል። ጎጆውን እኛ እንሠራለን።

ይህን ሁሉ የሚወያይ የምእመናን ጉባኤ እስከ ገብር ኄር ሰንበት፣ መጋቢት 13 ቀን ድረስ ይጠራልን።

በእኛ በኩል ገንዘብ ብዙ የለንም፤ እጅ ግን አለን። ሦስት ግንበኛ፣ ሁለት አናጢ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ያ መሐንዲስ፣ አንዲት ነርስና ሃያ ያህል እንጀራ ጋጋሪዎች ነን። ለሕንፃው በወር ሁለት ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ ስማችን በማይክሮፎን አይጠራ። ሽንት ቤቱንም በተራ ለማጠብ መዝገብ አውጥተናል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ። መጥረጊያና ባልዲ የተቆለፈው ቤት ውስጥ ስላለ፣ ለእርሱም ቢሆን ቁልፉ ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰንበቴ ማኅበሩ ሙሴ (መሪ)
የሰንበቴ ማኅበሩ ጸሐፊ
የማዕድ ቤት እናቶች ተወካይ
(ፊርማ፣ ሦስት፤ አንዱ በጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት
ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት
ለሕንፃ አሠሪና ለልማት ኮሚቴዎች
ለንስሐ አባቶቻችን
ለበር ጥበቃዎች (በቃል የሚነበብላቸው)